የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ስም

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ "አቶ ቀስ በሉ" እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ሟች፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው፤ በአንዱ ጥግ የአባት ስፌት መኪና፣ በሌላው የእናት ገንዳ፣ መሀል ላይ ልጆች። ታላቅ እህታቸው አዝለው ስላሳደጓቸው፣ እዚህ የሚነበበው ከሰው የተለቀመ ወሬ አይደለም።

አባታቸው ያረጀ ኮት ገልብጠው እንደ አዲስ በመስፋት ይታወቁ ነበር። ኮት ሲገለበጥ አሮጌው ገበር ተቀዶ ይጣላል፤ የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ስም ያለባት ቁራጭ ጨርቅም አብራ ትሄዳለች። አባት ግን ያቺን ቁራጭ በምላጭ ፈትተው በአዲሱ ገበር ላይ መልሰው ይሰፏትና የራሳቸውን ስም ከሥሯ ያደርጋሉ። ደንበኛው "ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?" ሲላቸው፣ "ኮቱን ገለበጥኩት እንጂ አልወለድኩት" ይሉት ነበር። ሟች ምላጩን እያቀበሉ አደጉ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው በ1984 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሙያ ተመረቁ። ፊደል ከቆጠሩበት ቀን ጀምሮ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ነበር የሚያነቡት። ስንቱ ሳቀባቸው፤ እሳቸው ግን ለሳቀ ሁሉ ብለው ጣታቸውን አላነሱም። በ1992 ዓ.ም. ከሂሳብ መምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፈሩ። በዚያው ዓመት የባለቤታቸው ወንድም በከፈተው የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጠሩ። ይህ አማች ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። አንገቱን መድፋት አያስፈልገውም፤ ጨርሶ ይስማ።

ድርጅቱ ለክሊኒኮች የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። ፕሮግራሙ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ባለሙያዎቹ "ኦፕን ሶርስ" ይሉታል፤ ሰዎች በያሉበት ጽፈው፣ የፈለገ ወስዶ እንዲያሻሽለው፣ ካሻውም እንዲሸጠው የለቀቁት ሥራ ነው። በምላሹ የጠየቁት ስማቸውና የፈቃድ ጽሑፋቸው ፕሮግራሙ በሄደበት ሁሉ አብሮ እንዲሄድ ብቻ ነው። ሟች ለዓመታት ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ከነዚያ ሰዎች ስም አንዲት ፊደል አልነኩም። ስለዚህ ልባቸው ሙሉ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የክሊኒክ ኃላፊዎች ፕሮግራሙን ሊረከቡ አዳራሽ በተሰበሰቡበት ጠዋት፣ ሟች ከታሸጉት ሲዲዎች አንዱን አንስተው ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሞከሩት። ፕሮግራሙ ሠራ። ስሞቹን ፈለጉ፤ የሉም። ደግመው ፈለጉ፤ የሉም። ስሞቹ የተጻፉት ባለሙያዎቹ በሚሠሩበት፣ ሰው በሚያነበው ጽሑፍ አናት ላይ ነበር። ለደንበኛ የሚሄደው ግን ማሽን ብቻ እንዲያነበው የተቀየረው ነው፤ ሲቀየር ስሞቹ ይረግፋሉ። በተለየ ጽሑፍ አብረው መታሸግ ነበረባቸው። ያሸጉት ደግሞ ራሳቸው ሟች ናቸው። የልብስ ሰፊው ልጅ ገበሩን ከነስሙ ጥለውታል።

የሲዲዎቹን ካርቶን ይዘው አማቻቸውን ወደ ዕቃ ክፍሉ ጠሩት። የዚያ ክፍል በር ቀጭን ነው፤ የተባባሉት ሁሉ ውጭ ተሰምቷል።

"ግማሽ ቀን ስጠኝ፤ ስሞቹን አስገብቼ እንደገና ላባዛው" አሉት።

"ሰዎቹ ተቀምጠው? ደግሞስ ማን ያየዋል?"

"እኔ አይቼዋለሁ።"

"አንተ ቀስ በሉ ስትል ልታስቀብረን ነው። ከየትም አገር ተነሥተው መጥተው አይከሱህ፤ የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው።"

"የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ልጆቼን ያበሉልኝ።"

"ያበላሁልህ እኔ ነኝ" አለ አማች። "ወይ ካርቶኑን ልቀቅ፣ ወይ ሥራውን።"

ሟች ካርቶኑን አቅፈው ቆሙ። አማች ጣታቸውን አላቅቆ ወሰደው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሳቸው የመሳቢያቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።

ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ገባቸው። "እሱ ወንድሜ፣ አንተ ባሌ፤ እነዚያ ሰዎች ግን የኔ ምኔ ናቸው?" ብለው አለቀሱ። ሟች ግን ስሞቹ ያሉበትን አዲስ ሲዲ አባዝተው ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞሩ። አንዳንዱ ተቀበላቸው፤ የሚበዛው በዘበኛ አስወጣቸው። ከዚያ በኋላ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እየጠገኑ ልጆቻቸውን አስተማሩ። እንደ ወንድማማች ይተያዩ የነበሩት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አስፋልት መሻገር ጀመሩ። ልጅቷ ስትመረቅ እንኳ አንዱ በአዳራሹ ቀኝ፣ ሌላው በግራ ተቀመጠ። ታላቅ እህታቸው ሁለቱንም "ግትሮች" ብለዋቸዋል፤ ቃላቸውን ዛሬም አይመልሱም።

በ2015 ዓ.ም. ሟች በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን አማች ላፕቶፕ በብብቱ ይዞ ሆስፒታል መጣ። ታላቅ እህታቸው በሩ ላይ፣ "ልትቀብረው ስትል ነው ትዝ ያለህ?" ቢሉትም አልፏቸው ገባና አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ከፈተው። ለክሊኒኮቹ ሁሉ ታድሶ የተላከው ፕሮግራም ነው። ስሞቹ ከነፈቃድ ጽሑፋቸው ገብተዋል፤ ከሁሉም ሥር የሟች ስም አለ። አማች ያንን ሊያሳያቸው ቸኩሎ ገጹን ወደ ታች ሲያስሮጠው እጁን ያዙት።

"ቀስ በል" አሉት።

ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ እያስኬዱ የማያውቋቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አነበቡ። አማች ላፕቶፑን ደግፎላቸው ያለቅስ ነበር። ከራሳቸው ስም ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና አማቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያቻኩል ይቀበልልን፤ ስማቸውንም ከደጋጎቹ ስም ሥር ያኑርልን።

ይህን የሕይወት ታሪክ በቃል የነገሩት ታላቅ እህታቸው፣ የጻፈችው ሴት ልጃቸው ናት። ማባዛት የፈለገ ያባዛ፣ ማሳጠር የፈለገም ያሳጥር፤ ይህች መስመር ግን አትቆረጥ።