ለሾላ ውሃ ሚካኤል የተጻፈው ገጽ

መርሳ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለትዕግስት ማሩ፣
አርባ ምንጭ

እህቴ ትዕግስት፣ ከመርሳ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን አገር ሁሉ አቋርጦ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም፣ ባለቤቴ ዓቢዳም፣ ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ አምሮበታል፤ ከወፍ በቀር ጠላት አልመጣበትም። እናቴ ሀስና ጉልበቷን ያማታል፤ አላፊ አግዳሚውን ጠርታ ማነጋገሩን ግን አልተወችም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። ስለ አባትሽ ማንሳት ስጀምር «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» አልሽኝና ዘጋሽው። መስመሩ እንዳልተቆራረጠ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጻፍኩትና ወደ እናንተ አገር ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠሁት።

«ኢንተርኔት ላይ ባለው መዝገበ ዕውቀት ስለ ሾላ ውሃ ሚካኤል የጻፍኩት ገጽ ሊሰረዝ ነው፤ ገጽ እንደሚገባው የሚያሳይ ማስረጃ ፈልግልኝ» ብለሽ አዘሽኝ ነበር። የአዘጋጆቹን ክርክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንደኛው፣ «ቤተ ክርስቲያን በየቀበሌው አለ። ይህኛው በምን ይለያል? ከአካባቢው ውጭ ያለ ሰው በመጽሐፍ ወይም በጋዜጣ ጽፎበታል?» ይላል። አንቺ በቁጣ መልሰሽለታል። ለእኔ ግን፣ አትቀየሚኝና፣ ጥያቄው ስድብ አልመሰለኝም። እኔም ተማሪዎቼን እንዲህ እያልኩ ነው የምጠይቃቸው።

ቢሆንም ያዘዝሽኝን አልተውኩም። መርሳ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ኮምፒውተሩንም መደርደሪያውንም አገላብጦ ከስሙና ከቀበሌው በቀር ምንም አላገኘም። ወልድያ ላለ ወዳጄም ደወልኩ፤ እሱም ቤተ መጻሕፍቱን ፈትሾ ባዶውን ተመለሰ። በመጨረሻ ለኅዳር ሚካኤል ራሴ ወደ መንደር ወጣሁ።

በዓሉ ዓርብ ነበር የዋለው። ግራና ከተማ ላይ ጁምዓ ሰግጄ ስደርስ ታቦቱ ገና እየዞረ ነው። ከገባ በኋላ ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እነሱም በዓርቡ ጾመኛ ስለሆኑ፣ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ ሳይባል ሁላችንም ከአንድ ትሪ ሽሮ በላን። እዚያው ነገሩን አነሳሁላቸው።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ፍቅሩ፤ አሁን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሆኗል። «ግራኝ አቃጥሎት እንደገና የታነጸ ነው ብለን ጽፈን ማኅተም እንመታበታለን። ያልተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ማን ይጽፍለታል?» ብሎ ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «አንተን አይደለም ሚስባህ፣ እንዳትቀየመኝ።»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አስተዳዳሪው መምሬ ብርሃኑ ግን አልሳቁም። «ይሄ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እኔ ራሴ ጭቃ ረግጫለሁ» አሉ። «ቆርቆሮውን ከመርሳ በግመል ጭነው ያመጡልን የዚህ ልጅ አያት፣ አብዱልጀሊል ናቸው። እሳቸውን ከታሪኩ አስወጥቼ ግራኝን ላስገባ?»

«ካልጻፍን እኮ ይሰረዛል፣ አባ።»

«ይሰረዛ! መቅደስ የሚገባ እጅ በውሸት ላይ ማኅተም አይመታም።»

ወላሂ ትዕግስት፣ ለአንቺ ስል ማኅተሙን ልቀበል ዳድቶኝ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ አፈርኩና ሐሳቡን ተውኩት።

ከዚያ እናትሽ ዘንድ ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እማማ አለሚቱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ድምፄን እንደሰሙ ክንዴን ያዙኝ።

«ሚስባህ ልጄ፣ ሚካኤልን ሊሰርዙት ነው የሚሉት እውነት ነው? ታቦቱንስ ወዴት ሊያደርጉት ነው?»

«ታቦቱን ማንም አይነካው፣ እማማ። የሚሰረዘው ትዕግስት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የጻፈችው ጽሑፍ ነው።»

«ትዕግስት ጽፋለች? በል አንብብልኝ።»

ከስልኬ አነበብኩላቸው። ስለ ተራራው ከፍታ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ጣሪያው ሲሰሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ልክ ነው» ይሉ ነበር። ፎቶውን ባቀርብላቸው፣ «አንተው ንገረኝ፤ ምኑ ምኑ ይታያል?» አሉኝ። ፀሐይ ላይ ነበርን፤ ፎቶውም ጥርት ያለ ነው። በሩንም፣ ደወሉንም፣ ወይራውንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስለዚህ ነገር እንዳልጽፍልሽ አስምለውኛል፤ ከዚህ በላይ አልልም።

መጨረሻ ላይ፣ «መሪጌታ ማሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ ደብር አገልግለዋል» የሚለውን አነበብኩ።

ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እንዴት እንደሞተ አልጻፈችም?» አሉኝ።

«አታውቅማ፣ እማማ።»

«አልጠየቀችኝማ። ስትደውል ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ላሟ ትጠይቀኛለች። ስለ እሱ ስጀምር ትቸኩላለች። እኔም እንዳልጎዳት ብዬ ተውኩት።»

ያን ጊዜ ለእኔ ነገሩኝ፤ እንድጽፍልሽም ፈቀዱልኝ። ካቻምና ነሐሴ፣ መንገዱ ተዘግቶ አንቺ አዲስ አበባ ላይ ስትጉላዪ፣ አባትሽ ደረታቸውን ታመው ተኙ። እናቴም አብራ አስታማለች። በመጨረሻው ቀን ሻል ብሏቸው ተደግፈው ተቀመጡ፤ ልጅ ሳለሽ ዜማው ከየት እንደሚወጣ ለማየት ከበሮውን በቢላ ልትቀጂ ስትይ የያዙሽን ጊዜ አንስተው ሳቁ። ከዚያ፣ «ትዕግስት ያልመጣችው መንገድ ተከልክላ ነው። ኋላ ስትመጣ ቀረሽ ብላችሁ እንዳትወቅሷት፤ ምሳዋን አብሏትና ወደ እኔ አምጧት» አሉ። ሌሊቱን ዝናብ ሲዘንብ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ያለ ጭንቅ አረፉ።

መቃብራቸው በቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ነው። የቀበራቸው ያ ጥላ ሥር የበላው ሰው ሁሉ ነው፤ እኛ እስላሞቹም እስከ ቅጽሩ በር ድረስ ሸኝተናቸዋል። ሁሉም ስለ አንቺ ይጠይቃል፤ የሚወቅስሽ ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። «ይቆይ ብለህ ድምፅ ስጥ» ብለሽኝ ነበር፤ አልሰጠሁም። በእነሱ ደንብ ከሄድን ሾላ ውሃ ሚካኤል ለብቻው ገጽ አይገባውም። ይገባዋል ብል ለአንቺ የምል እንጂ የማምንበት አይሆንም። ትናንት ትምህርት ቤት ሆኜ ስከፍተው ገጹ ተሰርዟል። ያ የተቆጣሽው አዘጋጅ ግን ስሙን በሀብሩ ወረዳ ገጽ ውስጥ በአንድ መስመር አስገብቶታል። ክፉ ሰው አይመስለኝም።

መንገዱ አሁን ሰላም ነው፤ ከደሴ የሚነሳው መኪና ሳይመሽ ይገባል። ውርጌሳ ስትደርሺ ደውይልኝ፤ መርሳ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። እኛ ቤት ታርፊና በማግሥቱ ወደ መንደር አደርስሻለሁ። ዓቢዳ አልጋሽን እንደምታነጥፍ ንገራት ብላኛለች።

ዛሬ ጠዋት ለእማማ መሰረዙን ልነግራቸው ወጥቼ ነበር። «ትዕግስት አዝናለች?» አሉኝ። «ታዝናለች» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና፣ «እኔስ እንኳን ተሰረዘ አልኩ። ስለ አባቷ የምትጽፍበት ካጣች፣ እኔን ልትጠይቅ ትመጣ ይሆናል» አሉ።

የእናትሽ ምርቃት እንዲህ ነው፦ «እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ሚካኤል ከፊት ከኋላሽ ይሁን፤ ድምፅሽን ደጄ ላይ ያሰማኝ።» እኔም አሚን ብያለሁ።

ወንድምሽ
ሚስባህ ኡበይደላ