የአባትሽን የፊት ክፍል ስለማፍረሴ

ይድረስ ለልጄ ለውባንቺ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የቤይሩትን ምድር ማርያም የሰላም ታድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ብቻ አላርፍ ብሎኛል።

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሠራውን የፊት ክፍል «ወደ መንገዱ ወጥቷል፤ የሚመጣውን መኪና ይጋርዳል፤ በወር ውስጥ ይፍረስ» ብለው ቀይ ቀለም ቀብተውት ሄዱ። እኔም የሟች እጅ ሥራ አይነካም ብዬ አቤቱታ አስጻፍኩ። ሳላስገባው፣ ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ወሰንየለሽ ጋቢያቸውን ይዘው ወደ ሸማ ተራ ሲሄዱ ካሚዮን የክፍሉ ጥግ ላይ ገጫቸው። ነጂው «እማማ፣ ግድግዳው ጋርዶኝ አላየኋቸውም» አለኝ።

እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ልጠይቃቸው ብሄድ ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። በማግስቱ ሠራተኞች ጠርቼ ክፍሉን አስፈረስኩ፤ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ራሴ ነቀልኩ። አሁን ከአብነት ሰፈር የሚመጣው መኪና ከሩቅ ይታያል። እኔ ግን የመኪና ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር እየዘለልኩ እወጣለሁ።

አንቺም መንገድ ስትሻገሪ ቆም ብለሽ እዪ። ሳልነግርሽ በማፍረሴ አትዘኚብኝ። ለእትዬ ወሰንየለሽ ሁለት መስመር ጻፊላቸው፤ ያንቺን ደብዳቤ ይዤ ብገባ ዓይናቸውን ለማየት ድፍረት አገኝ ይሆናል።

መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ቦሰና