እማዬን የሚሸከም ጎማ

ነሐ. 19፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም ዝናብ። ቢላዋ ሞረድኩ። የሳሙናውን ውሃ ቀየርኩ። ሁለት በረባሶ ቆርጬ ሰቀልኩ። ጎማ ተራ ቁጭ ካልኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ባሌ ሲሞት ቢላዋው ለእኔ ቀረ፣ ሞተሩም ለእኔ ቀረ። ሰፈሩ ቢላዋውን ችሎኛል። ሞተሩን ግን መዋጥ አቅቶታል። ይነቀው!

ከአገር ቤት መልእክት መጣ። የገበሬ ማኅበሩ የእማዬን የእንሰት ጓሮ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። ሁለት ዓመት ባለቤት አላየንበትም ብለዋል። ለመስቀል ራሷ ካልተገኘች አለቀ።

እማዬ ሰማች። ከዚያ ነጠላዬን አምጪልኝ አለች። ወዴት ነው ብላት፣ አገሬ።

እግሯ አይታጠፍም፣ ደብተሬ። ሐኪም ቤት ከቀደዷት ወዲህ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ቀርቷል። አምና ለመስቀል አውቶቡስ ተራ ወስጃት፣ ረዳቱ የሁለት ሰው ቦታ ያዘች ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስወረዳት። አልቅሳ አታውቅም፣ ያን ቀን አለቀሰች። እኔ ያንን አልረሳም።

በሞተር እወስዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ነሐ. 20

ሞተሩን ከሸራው ገለጥኩት። ባሌ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ሲወረስ፣ ባለቤቱ ጣሊያን ትቶለት የሄደው ነው። ከፊት የንፋስ መከላከያ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ሳጥን፣ መቀመጫው እንደ ሶፋ ሰፊ። ለሩቅ መንገድ የተሠራ። እኔ ደግሞ ከመርካቶ አብነት ከአብነት መርካቶ ሳንከላውሰው ኖሬያለሁ።

ጎማው መላጣ። የኋላው ክሩ ወጥቷል። ጎማ የምቆርጥ ሴት ጎማ የላትም፣ ሳቂብኝ!

ወደ ቀበሌ ሄድኩ፣ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ። ሊ/መንበሩ ቁጭ በይ እንኳ አላለኝም። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ሰፊውን ሕዝብ ማገልገል ሲገባው አንዲት ሴት ታሽሞነሙነዋለች፣ አለ። ቀጥሎ በመላጣ ጎማ ከከተማ አይወጣም፣ አዲስ አስገጥመሽ አሳዪኝ። እንደማይገኝ ስለሚያውቅ ነው። ስወጣ ከኋላዬ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

ይሄን ተረት የተረተው ሰው ሞተር ነድቶ አያውቅም። እርግጠኛ ነኝ።

ነሐ. 23፣ ከሰዓት

ሦስት ቀን ጎማ ፍለጋ። እግሬ አለቀ።

መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ ወልቂጤ አስፋልት፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃና ኮረኮንች። በዚያ ላይ ዝናብ። ስለዚህ ሁሉንም የሚችል ጎማ ነው የምፈልገው።

የመንግሥት መደብር ያለው ጥርሱ እንደ በሬ ጥርስ የገጠጠ ነው። ለጭቃ ግሩም። አስፋልት ላይ ግን ሰውነት ያንቀጠቅጣል። የእማዬ እግር እስከ ወልቂጤ አይችለውም። አንድ ነጋዴ ደግሞ ከጓዳ ልስልስ ያለ የአስፋልት ጎማ አወጣልኝ፣ ከላይ መስመር መስመር ብቻ ያለበት። ያምራል። ጭቃ ላይ ግን ቅቤ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ።

አብነት ጋሽ ናስር ዘንድ ደረስኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጎሚስታ፤ የባሌን ጎማ ሲያስሩ ሲፈቱ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጥንድ አወጡልኝ። ሁለቱም ጥርሳቸው መካከለኛ፣ ለአስፋልትም ለጭቃም። አንደኛው ክብድ ያለ፣ በጥፍሬ ብጫነው የማይገባ። ሌላው በጆንያ የተጠቀለለ፣ ሲነኩት ሰጠት የሚል። ለስላሳውን ውሰጂ አሉኝ። ዓመት ይቆያል ወይ ስላቸው፣ «ከቆየ አላህ ያውቃል» ብለው ሳቁ።

እኔን! ለስድስት ወር ጎማ! ጎማ ተራ ቁጭ ብዬ የማያልቅና የሚያልቅ ጎማ ሊነግሩኝ ነው ጋሽ ናስር? አልኳቸው። በትሕትና ነው ያልኩት። ማለቴ፣ እንደኔ ትሕትና።

ነሐ. 24

ጠንካራውን ወሰድኩ። ከመግጠሜ በፊት ቢላዋዬን ሳሙና ውሃ ነክሬ ጠርዙን ፈተንኩት። ቢላዋው አልገባም አለ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጎማ አልቆረጥኩም። ለበረባሶ ቢሆን ለልጅም ለልጅ ልጅም የሚተላለፍ። ጎረቤቶቼ እየመጡ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጎማ ተራ በሙሉ መርቆልኛል።

በያጅ ዘንድ ሄጄ ለእማዬ እግር መዘርጊያ ብረት አስበየድኩ። ቀጥ አድርጎ ይይዝላታል።

ደስ ብሎኛል። ሊ/መንበሩ ይምጣና ይይ!

ነሐ. 27፣ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጽሕፈቴን ቻይው።

እማዬን ከመጫኔ በፊት ልለማመድ ብዬ የእሷን ያህል የሚከብድ ድንች በጆንያ ከኋላ አሰርኩ። ዝናቡ ገና አባርቶ አስፋልቱ ይብረቀረቃል። አብነት መስቀለኛው ላይ አንድ ተሸካሚ ፍራሽ እንደተሸከመ ከፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ጎማው አልያዘም። የምሬን ነው፣ መሬቱን እምቢ አለው። እንደ ሳሙና ተንሸራተትኩና ሞተሩ በጎኑ ተኛ። ጆንያው ተቀደደ።

ድንች! አብነት በሙሉ ድንች። ታክሲው ስር፣ ቦዩ ውስጥ፣ ሊስትሮዎቹ እግር ስር። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ግን ሰው ሁሉ ይለቅማል። አንዷ ጎመን ሻጭ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብላ ጮኸች። ሊ/መንበሩም ነበር፣ ከማዶ፣ ጃንጥላ ይዞ። አልሳቀም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከሳቅ ይብሳል።

ክንዴ ተልጧል። ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ግን ደብተሬ፣ ድንቹን ስለቅም አንድ ነገር ብቻ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው። ይሄ እማዬ ብትሆንስ ኖሮ።

ነሐ. 28

ሥራ አልገባሁም። ማንንም ማየት አልፈልግም።

እማዬ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ውሸት አይሆንልኝም እሷ ፊት። ተናደደች። በጉራግኛ ሰደበችኝ፣ ረጅም ስድብ። ስለ መውደቄ አይደለም ግን፤ ስለ ወደቅሽ ልታስቀሪኝ ነው ወይ ነው ነገሩ። ድንቹን ቀቅላ አበላችኝ። ድንቹ ነው የወደቀው፣ እኔ ድንች ነኝ እንዴ? አለች።

ፈርቻለሁ። እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ነሐ. 30

ጋሽ ናስር ዘንድ። ጎማውን ገፍቼ ፊታቸው አቆምኩት። እሳቸው አላሾፉብኝም። ክንዴን አይተው ሻይ አዘዙልኝ።

ከዚያ ነገሩኝ። እኔ በጫማ ሰሪ እጅ ነው የመረጥኩት። በረባሶ እንዳያልቅ ነው የሚፈለገው። የሞተር ጎማ ግን መሬቱን መያዝ አለበት፤ ለመያዝ መለስለስ አለበት፤ የለሰለሰ ደግሞ ያልቃል። ባሌም ይሄን አላጣውም ነበር አሉኝ፣ ለስላሳውን ነበር የሚያስገጥመው፣ በየዓመቱ እየቀየረ። ለዚህ ነው ለካ አንድ ቀን ወድቆ የማያውቀው! እኔ ገንዘብ አባካኝ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር የኖርኩት። አፈር ልብላ።

ለስላሳውን ጥንድ ሁለት ዓመት ሙሉ ገዢ አጥተውለታል። መርካቶ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አያልቅም ወይ? እኔም አንዷ ነበርኩ።

ተስማማን። እሳቸው ለስላሳውን፣ እኔ ለቤተሰባቸው በሙሉ ዓመት ሙሉ በረባሶ። ጠንካራው ለእኔው ይቅር አሉ፣ ሰው አይጫንበትም።

መስ. 2

እንቁጣጣሽ ትናንት አለፈ። ዛሬ እንደገና አብነት፣ እንደገና ዝናብ፣ እንደገና ድንች በጆንያ። ያችው ጎመን ሻጭ ዘንቢሏን ይዛ ተነሳች፣ ልትለቅም።

መስቀለኛው ላይ ሆን ብዬ ፍሬን ያዝኩ። ቆመ። ተመልሼ እንደገና። ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ በፍጥነት። ቀጥ አለ! ጭድ ተራ ወርጄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንድም ድንች አልወደቀ።

ጎመን ሻጯን ዘንቢልሽን አስቀምጪው አልኳት። በባዶ እጇ አልሰደድኳትም፣ ከጆንያው ዘግኜ ሰጠኋት። ሳቀች፣ መረቀችኝም።

መስ. 5

ጠንካራውን ጎማ ቆረጥኩት። ሁለት ቢላዋ ዶለዶመ። ጠባብ ስለሆነ ለትልቅ እግር አይወጣም፣ የእማዬ እግር ግን ትንሽ ነው። ከመሃሉ፣ ጠፍጣፋ ከሆነው፣ አንድ ጥንድ አወጣሁላት። ማሰሪያውን ከካላማዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ።

አድርጋ ቆመች። ይሄ ጫማ እስኪያልቅ አልሞትም አለች። ከሆነማ ሁላችንንም ትቀብሪናለሽ አልኳት።

መስ. 6

አዲሱን ጎማ ለሊ/መንበሩ አሳየሁ። ጎንበስ ብሎ አየ። ነገ ነይ አለ። የይለፍ ወረቀቱ ማኅተም ሌላ ሰው ዘንድ ነው አለ። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሁለታችንም እያየነው።

መስ. 9

ጉድ ስሚ!

እማዬ ትናንት ጠዋት ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ቀበሌ ሄዳለች። የሊ/መንበሩ በር ላይ ቁጭ አለች፣ በሩ መሃል፣ እግሯን ዘርግታ። ያን የማይታጠፈውን። ማን የእናትን እግር ተሻግሮ ይገባል? የገባ አይወጣም፣ የወጣ አይገባም። ዘበኛው ቢለምናት፣ «ልጄ፣ ቢታጠፍልኝ እሰበስበው ነበር» ትላለች። ጸሐፊው በመስኮት ነው የገባው አሉ። ሊ/መንበሩ እንደ ደረሰ አየ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ሄደች። ስኳር የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ለእሷ ወገነ። አንዱ ለእናት ወረቀት ስጡ አለ፣ ሌላው አጨበጨበ። ሊ/መንበሩ ዛሬ ቀድሟት ገብቶ ስለነበር ለምሳ መውጣት አልቻለም። 7 ሰዓት ላይ ፈረመ።

ወረቀቱን አሥር ጊዜ አነበብኩት። እናትና ልጅ ለመስቀል በዓል አገር ቤት ደርሰው እንዲመለሱ። ማኅተም አለው። በምን እንደምንሄድ አይልም።

መስ. 11

እንዳሰብኩት ነው፣ ቂሙን አልተወም። ደብዳቤ ላከ። ሞተሩ ለቀበሌው ጥበቃ ስለሚያስፈልግ መስ. 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከነቁልፉ እንዳስረክብ። ከነአዲሱ ጎማው መሆኑ ነው! እኔ ወድቄ፣ እኔ ለቅሜ ያገኘሁትን።

ቡድን ሰብስቦ ማስገደድ ይችላል። አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ያደረገውንም አውቃለሁ። ግን አውቶቡስ ተራውን አሰብኩ። ረዳቱን። እማዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ። የእንሰቷንም ጓሮ፣ በእጇ የተከለችውን።

ሊቀማኝ ከፈለገ እኔን ከላዩ አውርዶ ይቀማኝ። ከመስቀል በኋላ።

መስ. 12፣ ማታ 1 ሰዓት

በኩፖን ያጠራቀምኩትን ቤንዚን ሞላሁ። ጋሽ ናስር መጥተው ንፋሱን ለኩ፣ ለሁለት ሰው ትንሽ ጨመሩ። ምንም አልጠየቁኝም። ሲሄዱ ጎማውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉትና፣ በሉ አደራ አሉ። ለእኔ ይሁን ለጎማው አልገባኝም።

መስ. 13፣ ጠዋት 11 ተኩል

ሰዓት እላፊው አበቃ። አልዘነበም፣ ግን መንገዱ እርጥብ ነው። ይሁን።

እማዬ ተጭናለች። እግሯ ብረቱ ላይ ተዘርግቷል፣ በአዲሱ በረባሶ። በነጠላዋ ከእኔ ጋር ልታስራት ብላ ጎረቤታችን ትሟገታለች፣ እሷ ደግሞ ሕፃን አይደለሁም ትላለች። የይለፍ ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ነው። ኬላው ላይ በምን መጣችሁ ካሉኝ፣ ዓይናቸው እያየ በምን ልበላቸው?

3 ሰዓት ላይ ሊ/መንበሩ ባዶ ሸራ ያገኛል። እኛ ያን ጊዜ ቱሉ ቦሎን አልፈናል። ስመለስ የሚመጣውን እቀበላለሁ። እምቢ ማለቴን ግን በዚህ እጄ ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

ጎማውን በጥፍሬ ጫንኩት። ገባ።

ክላክሱን ማን አሳያት እንግዲህ! ሰፈሩን ቀሰቀሰችው። ዘነቡ፣ መጻፉ ይብቃሽ፣ እንሰቱ እየጠበቀን ነው ትላለች። እሺ እማዬ፣ እሺ፣ መጣ