ከፍርድ ቤት ሸሽቼ ወደ ፍርድ ቤት ስለተመራሁበት በር

ለክቡር የግልግል ዳኝነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ተማሪዎቹን “ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ” ሲል ያረጀ አንድ ጡረተኛ መምህር ስለተደረገለት ሁሉ በአደባባይ እንዲያመሰግን ይፈቀድለት ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከአባታችን በወረስነው ግቢ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እንኖራለን። በወሰን ተጣላንና የጋራ በራችንን ቆለፈው። እኔ በጓሮው ደረጃ እወጣለሁ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ ደጅ አላየችም። ወንድሜን “ተከሳሽ” ብሎ መጥራት አፌ እንቢ ስላለኝ፣ “ያለ ችሎት፣ ያለ ቂም” የሚለውን ማስታወቂያችሁን አምኜ፣ በግልግል የሚዳኘን ጠበቃ ፍለጋ ደጃችሁን ጠናሁ። ስለሚከተሉትም አመሰግናለሁ፦

፩. እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ “አባባ፣ መጀመሪያ ከወንድምዎ ጋር ተስማምታችሁ የሚዳኛችሁን ጠበቃ ምረጡ” ስላለችኝ። ለመስማማት አስቀድሞ መስማማት እንደሚያስፈልግ ሳላውቅ ማርጀቴ ያሳፍራል።

፪. መስማማት ሲያቅተን ምርጫውን ለእናንተ ብንተው፣ አንቱ የተባሉ ጠበቃ ስለመደባችሁልን። እኚህ ሰው አቤቱታዬን ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ስለሚያውቁት እንዳልሰጋ፣ ወንድሜን “ቆልፈው” ብለው የመከሩትም እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ አጽናንተው ነገሩኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ በሬው አራጁን በቀጠሮ እንደሚያገኘው አላውቅም ነበር።

፫. ይህንኑ አቤት ብል፣ በተመደበው ዳኛ ላይ ቅሬታ ያለው ወገን ለፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ክቡርነትዎ በፊርማዎና በማኅተምዎ ስላሳወቁኝ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚለውን አባባል ሳስተምር ይህን የመሰለ ምሳሌ አልነበረኝም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ሌላ ነው። ትናንት ወንድሜ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ እኔስ ልከፍተው ነበር፤ ጠበቃው ግን ከከፈትክ ተሸነፍክ አሉኝ” አለኝ። ባለቤቴ በመስኮት ሰምታ መጋረጃውን ዘጋችው። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ኩርፊያ የሚጨርሱትን ነገር ባለሙያ ሲገባበት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚያገኝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሰማዩ ዳኛ በቀር ይግባኝ የሚልበት የጠፋው፣ ትዕግሥቱን እንደ ጡረታው በጥቂት በጥቂቱ የሚጠቀመው፣ አክባሪዎ

ጡረተኛው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ከቤት መውጣት አለመቻሏን በጽሕፈት ቤታችሁ በአካል ቀርባ እንድታስረዳ የላካችሁት መጥሪያ ደርሶናል። በሩ እንደተከፈተ ያለ ጥርጥር ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ግን ወደ እናንተ ሳይሆን ደጅ ፀሐይ ልትሞቅ ብትሄድ ቅር እንዳይልዎ።