የመሪው ማቃሰት

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ከጉና ድንች ጭኜ ተመለስኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ፒክአፗ ጠዋት ስትነሳ መሪውን ባዞርኩ ቁጥር ታቃስታለች። ቀጥ ብላ ስትሄድ ደህና ናት። ሲሞቃትም ይቀንስላታል... እኔማ ለምጄዋለሁ። አባቴ ግን ሰሙ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያቃስተው?»

«መሪው ነው አባ። ምንም አይደል።»

ታላቅ ወንድሜ ምሕረትአብ ወደ ወረታ ሲወርድ መሪ ከድቶት ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ አባቴ መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። ምንም አይደል ማለት አልነበረብኝም።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

የዓይናቸው ቀጠሮ ተቆረጠ። ታኅሣሥ 3፣ ባሕር ዳር። ሞራው ከዚህ በላይ ከቆየ ያስቸግራል ብሏል ሐኪሙ። ቅዳሴ መሄድ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው።

«በሰው መኪና አልሳፈርም» አሉ። «በአንተም ቢሆን ይህ ማቃሰቱ ካልቀረ አልሄድም።»

«ዓይንዎስ?»

«ይቅር።»

አንዴ አልሄድም ካሉ አለቀ። እንግዲህ ማሠራት ነው።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ከገበያው በታች ወዳለው መካኒክ፣ ሙላቴ ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍቶ «አዙር» አለኝ። ቀኝ... ግራ... መጨረሻው ድረስ ስጠመዝዘው ጮኸች። «እዚያ ላይ ይዘህ አትቆይ፣ ፓምፑን ትገድለዋለህ» ብሎ ተቆጣኝ።

የመሪው ዘይት ከምልክቱ በታች ወርዷል። አንዱ ቱቦ ማሰሪያው ጋ ያልበዋል። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋም ላልቷል። ማሰሪያውን ቀየረ፣ ቺንጋውን ወጠረ፣ ዘይት ሞላ። ጸጥ አለች። ይኸው ነው? ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅኩት ለዚህ ነው?

እቤት ስገባ እማዬ «ዳነች?» አለችኝ። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይቱን ዕቃ አሳየኋት። በዚህች ክዳን ነው የሚጨመረው አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አሳይቻት አላውቅም።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ጸጥ እንዳለች ናት።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ባሰባት። አሁንስ ማቃሰት አይደለም፣ ማጓራት ነው። መሪውም ይከብዳል። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

ሙላቴ ክዳኑን ከፈተ። ዘይቱ ነጭ አረፋ ሆኗል፣ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል።

«ውሃ ነው የገባበት።»

«ከየት ይገባል?»

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ።»

የሞላኸልኝ ዘይት ነው የተበረዘው አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ። እጁን በጨርቅ ጠረገና «እንግዲያው የምታምነው ጋ ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። ግን ማን ጋ? ቀጠሮው እየደረሰ ነው።

ኅዳር 24፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ ስለ ውሃው አወራሁ። ሙላቴን አንድ ሳላስቀር ሰደብኩት። እማዬ የያዘችውን እንጀራ መለሰችው።

«ሰውዬውን ተወው። ውሃም አይደለም» አለች።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የጣራ ገዳም ጸበል ነው። ትንሽ ነው የጨመርኩት። እንዳያገረሽባት ብዬ... አባትህ እንዲሄዱ ብዬ።»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ልጇ በመሪ የሞተባትን ሴት ምን ይሏታል? አባቴ ወደ ድምጿ ዞሩ። ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

«አንቺ ሴት፣ መኪናዋን ክርስትና አነሳሻት?»

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። እማዬም ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። እኔ ምሳዬን ጨረስኩ።

ኅዳር 25፣ ሰኞ

ሙላቴን ይቅርታ ጠየቅኩ። ጸበል መሆኑን ስነግረው ቆቡን አወለቀ።

«እና አሁን እንዴት አድርጌ መሬት ላይ አፈስሰዋለሁ? ሰው ይረግጠዋል እኮ።»

ሥራው በዚህ ቆመ። ዘይት ነው ብለው አይደፉት፣ ጸበል ነው ብለው አያስቀምጡት። በመጨረሻ አጥሩ ጥግ፣ እግር የማይደርስበት ቦታ ጉድጓድ ቆፈርን።

የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሳ። ዘይቱ የሚመለስበትን ቱቦ ፈትቶ ጀሪካን ውስጥ ከተተው። ሞተሩ እየሠራ እኔ መሪውን ከዳር ዳር አዞራለሁ፣ እሱ ከላይ አዲስ ዘይት ይጨምራል። ነጩ እየሳሳ ሄዶ አዲሱ ቀይ ዘይት ብቻ መውጣት ጀመረ። ጀሪካኑን ጉድጓዱ ውስጥ ደፋን፣ አፈር መለስንበት። ሙላቴ አማተበ። እኔም አማተብኩ... ለመሪ ዘይት።

ታኅሣሥ 2፣ ሰኞ

ሳምንቱን በሙሉ ድምፅ የለም። ዛሬ ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ አባቴ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«አዙረው።»

አዞርኩ።

«ወደዚያም።»

አዞርኩ። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

ሄድን። የወረታው ቁልቁለት ላይ ጉልበቴን ያዙኝ። ሐሙሲት እስክንደርስ አልለቀቁኝም። የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ።

ታኅሣሥ 4፣ ረቡዕ

ፋሻውን ፈቱላቸው። ነርሷን አዩ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ... ሸብተሃል እኮ።»

ትክ ብለው ያዩኛል። መጣሁ ብዬ ወጣሁ።

መታጠቢያው ጋ ፊቴን ደጋግሜ ታጠብኩ። ቶሎ አልተመለስኩም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድምፄን አስተካክዬ ብገባ ይበቃኝ ነበር። አሁን ያያሉ።