እማን ያለፋት ዒድ

ውድ ወንድሜ ሚሉድ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጀምሬዋለሁ። በስልክ መነጋገር በቻልን ነበር፤ ግን አንተ በስልክ አታስጨርሰኝም። የልጅ ልጄ ገጾቹን ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እስከ መጨረሻው አንብብ።

በቅደም ተከተል ልሂድ። እማ ረመዳንን የያዘችው ትለምሴን፣ አንተ ቤት፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። እኛ እዚህ ኡጅዳ የያዝነው በማግስቱ እሑድ ነው። በሁለቱ አገሮቻችን መካከል ያለው ድንበር ዝግ ስለሆነ አጭሩን መንገድ ትታ፣ በቱኒስ በኩል በአውሮፕላን ዞራ በወሩ አጋማሽ እኔ ዘንድ ደረሰች። የመጨረሻው እሑድ ሲመሽ እናንተ ሠላሳ ሞልቷችሁ ነበር። እኛ ገና ሃያ ዘጠነኛው ላይ ነበርን። ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነው። እኛ ዘንድ ጨረቃ በዓይን ካልታየች ወሩ ሠላሳ ይሞላል። ስለዚህ ሰኞ ለእናንተ ዒድ፣ ለእኛ ፆም ሆነ።

«እናንተ ምዕራቦች ሁልጊዜ ኋላ ናችሁ» እያልክ ትስቃለህ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ ባስተማረ ሰው ላይ አትሳቅ። አዲስ ጨረቃ ወደ ምዕራብ በተሄደ ቁጥር ለማየት ትቀላለች፤ በዚህስ ቢሆን መቅደም የነበረብን እኛ ነን። ልዩነቱ ከጨረቃዋ አይደለም። አንዱ አገር በራሱ ሰማይ የታየውን ብቻ ይቀበላል፣ ሌላው ከሩቅ የመጣ ምስክር ይበቃዋል፣ ሌላው ስሌት ያምናል። ይህ ለተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባቸው ነበር። አንተ ስልሳ አንድ ዓመትህ ነው!

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወልክ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«ዒድ ሙባረክ እማ! የካዕክ ብስኩቱን ለብቻሽ እንዳትጨርሺው!»

«እዚህ ገና ፆም ነው፣ ልጄ።»

«የምን ፆም? ሠላሳሽን ጨርሰሻል እኮ! ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ረመዳን የት አየሽ? በዒድ መፆም ኃጢአት ነው። አሁኑኑ ቴምር ጉረሺ፣ እየሰማሁሽ ነው!»

እኔም ጮህኩ። «ያለችው እኔ ቤት ነው! ሰው ያለበትን አገር ይከተላል!»

«መምህር ቡዚያን! ያንተ ጨረቃ ፓስፖርቷን ማስመታት አለባት?»

«ያንተዋስ በቴሌቪዥን ነው የምትወጣው?»

ባለቤቴ ዝሁር መጥታ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ኧረ እፈሩ! እናታችሁ ላላ ኸይራ መሐላችሁ ተቀምጠዋል እኮ!» ብላ ዘጋችው።

እማ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ማታ የሐሪራ ሾርባ ስናቀርብላት «እናንተ አፍጥሩ። እኔ በልቤ ፆም አልነየትኩም፤ ምን አፈጥራለሁ?» አለች። ማክሰኞ፣ በእኛ ዒድ፣ የልጅ ልጆቿ እጇን ሊስሙ ሲመጡ የአዘቦት ቀሚሷን ለብሳ አገኟት። አዲሱ ልብሷ እንደታጠፈ ነው።

«የዒድ ልብስዎስ፣ ላላ?» አለች ዝሁር።

«ዒድማ ትናንት አለፈ። ሚሉድ ነገረኝ።»

ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። በዕድሜዋ ዒድ አልፏት አያውቅም። ሊቃውንቱ ራሳቸው በዚህ ነገር አይስማሙም፤ ከአገሩ ሰው ጋር ትፁም የሚል አለ፣ ተደብቃ ትብላ የሚልም አለ። አንተ በአንድ ትንፋሽ ፈረድክ፤ ያውም በእናትህ ላይ፣ ልጆችህ እየሰሙ። ተቆጥቻለሁ ሚሉድ። እስካሁን አልበረደልኝም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ለእማ አነበብኩላት። ሰማችኝና «የሚሉድ ጥፋት ገጽ ሞላ። ያንተስ?» አለችኝ።

«የእኔ ምን፣ እማ?»

«አስተማሪ አይደለህ? ለሁለታችሁም እኩል አርም።»

እሺ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እማ ከሳህኑ ላይ አንዲት ቴምር አንስታ ወደ ጓዳ ስትሄድ በሩ ላይ ተገጣጠምን። ፈተና ሲኮርጅ የያዝኩትን ተማሪ እንደማየው አየኋት። ቴምሯን መልሳ አስቀመጠቻት። እናቴን፣ ሚሉድ፣ በገዛ ልጇ ቤት እንደ ሌባ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቴምር ከፊቴ አልጠፋ አለች። ቁጣዬ ሁሉ ባንተ ላይ የዘነበው፣ በራሴ ላይ ማዝነቡ ስለከበደኝ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን እሷ ያለችውን ቃል በቃል እጽፋለሁ፦ «ዒድ የአላህ ነው፤ ቀኑን እኔ አልለውጥም። ምሳ ግን የእኔ ነው። የፊታችን ሐሙስ አዲሱን ልብሴን እለብሳለሁ። በሁለታችሁም ቤት ማዕድ ይቅረብ፤ ስልኩም ይከፈት። ያን ቀን ጨረቃን ያነሳ ልጅ፣ ልጄ አይደለም።»

ስለዚህ ሐሙስ ከምሳ በፊት ስልኩን ፊቷ አቆምላታለሁ። አንተ ቀድመህ እንዳትናገር፤ እኔም አልናገርም። መጀመሪያ እሷ ትመርቀን።

ሐሙስ በሁለታችንም አገር ሐሙስ ነው። አረጋግጫለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ቡዚያን
ኡጅዳ