የእናትሽ ስም ማን ነው?

ሰኞ ግንቦት 4፣ ሉማሜ

ፈንታነሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ "መልሱ ትክክል አይደለም" አለኝ። የእናቴን ስም እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው?

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ትናንት ከደብረ ማርቆስ ስመለስ መናኸሪያው ውስጥ ስልኬን ከቦርሳዬ አወጡት። ዛሬ ቁጥሬን መልሼ አውጥቼ በሌላ ስልክ ኢሜይሌን ልክፈት ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። እሱን ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ረስቼዋለሁ" የሚለውን ነካሁ። ስልክ ቁጥር አልተመዘገበበትም፤ ያለው አንድ የደኅንነት ጥያቄ ብቻ ነው። የእናትሽ ስም ማን ነው? ዕዳው ገብስ ነው ብዬ ሳቅኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢሜይሉ ገደል ይግባ እል ነበር። አሁን ግን ዝውውሬ እዚያ ውስጥ ነው። ቤቴ ወዳለበት ወደ ደብረ ማርቆስ ከተመደቡት መምህራን መካከል ስሜ ወጥቷል። ቦታውን መቀበሌን በኢሜይል በተላከልኝ ሊንክ ገብቼ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ማረጋገጥ አለብኝ። ካላረጋገጥኩ ለተጠባባቂ ይሰጣል። በሌላ ኢሜይል ልመዝገብ ብል "ይህ መምህር ቀድሞ ተመዝግቧል" ይለኛል። አዎ፣ ተመዝግቧል። በሩን ቆለፋችሁበት እንጂ።

ለመላኩ ደወልኩ። ባሌ ሲጨንቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "ይከፈታል፣ አታስቢ" አለኝ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ልጃችንን ሶስናን አገናኘኝ አልኩት። እትዬ ዘነበች ጋ ናት አለኝ። እትዬ ዘነበች ጎረቤታችን ናት፤ እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ ስሆን ልጄን የምትይዘው እሷ ናት። ባለፈው እሑድ ሶስና ፊቴ ላይ "እማ" ብላ ጠራቻት። እትዬ ዘነበች አፍራ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ማክሰኞ ግንቦት 5

በዕረፍት ሰዓት አዲስ ኢሜይል ለመክፈት ሞከርኩ፤ ለዝውውሩ ባይረዳም ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል ብዬ። እሱም ሦስት ጥያቄ ካልመለስሽ አላሳልፍም አለኝ። ባዶ ትቼ ልለፍ ስል በቀይ ይጽፍብኛል። የመጀመሪያ መኪናሽ? የአጎቴን አህያ ልጻፍለት ይሆን። ያደግሽበት ጎዳና ስም? ያደግኩበት ጎዳና "ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ" ነው የሚባለው። የመጀመሪያ የቤት እንስሳሽ ስም? ድመታችን ድመት ነበር ስሟ። እነዚህን ጥያቄዎች ያወጣው ሰው ለማን እንደጻፋቸው እንጃ፣ ለኔ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ትቼው ወደ ክፍል ገባሁ።

ከሰዓት ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ሌላ ስም አለሽ እንዴ?"

"ምን ሆንሽብኝ ልጄ? ስሜ ጠፋሽ?"

አስረዳኋት። የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ አልኳት። "ለሰው የማይነገረውን ለስልክ ልናገር?" አለች። የክርስትና ስም ተይዞ መድኃኒት ይሠራበታል ብላ ስለምትፈራ ለኛ ለልጆቿ እንኳ ነግራን አታውቅም። ለመንኳት። ሶስናን አነሳሁባት። በመጨረሻ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ አደራ ነው። ጻፍኩት፣ አይደለም አለ። አክስቶቼ እሷን የሚጠሩበትን የቁልምጫ ስም ጻፍኩ፣ አይደለም አለ። ከዚያ "ለ48 ሰዓት ታግደዋል" የሚል መጣ። አስር ሰዓት ላይ ነበር። እስከ ሐሙስ አስር ሰዓት ማለት ነው።

ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ ነው ትዝ ያለኝ። ይህን ኢሜይል የከፈትኩት እኔ አይደለሁም። ስመኝ ናት።

ስመኝ የመጀመሪያ ምድቤ ጉንደ ወይን በነበረ ጊዜ አብራኝ ታስተምር ነበር። ስልክ የሚገባት እሷ ነበረች፣ እኔ አልነበርኩም። ጥያቄውንም መልሱንም የሞላችው እሷ ናት። ስለዚህ ደውሎ መጠየቅ ነው። ግን መደወል አልችልም። የስመኝ እናት ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም።

አራስ ነበርኩ። ሶስና የሁለት ሳምንት ልጅ ነበረች። ከአራስ ቤት ስወጣ እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ ልጅ ታመመች። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ስድስት ወር ሆነ፣ ምን ብዬ እደውላለሁ አልኩ። እነሆ አሁን በሐምሌ አራት ዓመት ይሆናል። እሷም አልደወለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የበላሁት የሴትዮዋን እንጀራ ነበር፤ እኔም እንደ ስመኝ "እማ" ነበር የምላት። የስመኝን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። መታሁት፣ ሳይጠራ ዘጋሁት። ነፍስ ይማር ሳልላት የይለፍ ቃል ልጠይቃት?

ረቡዕ ግንቦት 6፣ ጉንደ ወይን

ለርዕሰ መምህሩ ለቅሶ አለብኝ አልኩት። መቼ አረፉ አለኝ። አሁን ነው የሰማሁት አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መንገዱ ክፍት ነው አሉ፤ ሁለት መኪና ቀይሬ ከሰዓት ደረስኩ። ባዶ እጅ አይኬድም፣ ስኳርና ቡና ይዣለሁ። ከመኪና ስወርድ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው። ያላሰብኩት ነገር፣ ለሰፈሩ ሞቱ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አጥሩ ጋ አንዲት ጎረቤት አይታኝ ደነገጠች። "ኧረ ማን ሞተ?" አለች። እማ አንጓች አልኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ስመኝ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ከስታለች። ግቢ አለችኝ። ገባሁ፣ የእማ ፎቶ ግድግዳ ላይ ነው። ማልቀስ ነበረብኝ። እንባ እምቢ አለኝ። ስለ ሊንክ፣ ስለ ዓርብ፣ ስለ 11 ሰዓት እያሰብኩ እንዴት ይምጣ። ነጠላውን በፊቴ ላይ ያዝኩት። ስመኝ ግን ዓይኔ ደረቅ መሆኑን አውቃለች።

ብዙ ተቀመጥን። ስለ ተማሪ፣ ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ትንሽ ለስለስ ያለች መሰለኝ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ ሳልጠይቅ ልመለስ ወስኜ ነበር። የሰው ፊት እሳት ነው። ከዚያ ሶስና ትዝ አለችኝና ከአፌ አመለጠኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

ጣሳውን አስቀመጠች።

"ለዚህ ነው የመጣሽው?"

ለሁለቱም ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ግን ሲነገር ውሸት ይመስላል።

"እኔኮ ለእማ የመጣሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "መልሱን አላስታውስም። ዘጠኝ ዓመት ነው ውባለም።"

ድሮ ውቤ ነበር የምትለኝ። እራት አቀረበችልኝ፣ መደቡ ላይ አነጠፈችልኝ። ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ቢቆጣኝ የሚሻል ሰው ዝም ሲለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሐሙስ ግንቦት 7፣ ሉማሜ

ጠዋት ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። "በሰላም ግቢ" ብቻ አለችኝ።

አስር ሰዓት ላይ እገዳው ተነሳ። "አንድ ሙከራ ይቀርዎታል፣ ከዚያ በኋላ ሒሳቡ በቋሚነት ይዘጋል" ይላል። እንደ ዳኛ እርስዎ እያለ ነው የሚፈርድብኝ።

ምን ልጻፍ? ወረቀት ላይ ዘረዘርኩ፦

ፈንታነሽ (ሞቷል)
የክርስትናው (ሞቷል)
የአያቴ ስም?
ስመኝ ቀልዳ የጻፈችው የሆነ ነገር?
ዝም ብሎ "እናቴ"?

መላኩ ዝም ብለሽ ሞክሪ፣ ከመቅረት ይሻላል አለኝ። እጄ እምቢ አለ። ከተዘጋ በኋላ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ምን እየጠበቅኩ ልውል ነው?

ሶስና ስልኩን ይዛ "ነገ ትመጫለሽ?" አለችኝ። ቅዳሜ አልኳት። ቅዳሜ የሚለው አልገባትም።

ዓርብ ግንቦት 8

ጠዋት መብራት የለም። ኔትዎርክም አብሮ ሄደ። አራተኛ ክፍለ ጊዜን አስተምሬ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበርኩ አላስታውስም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ተውኩት። ቁርጡን አውቄ ዋና መንገዱ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። እዚያ አልፎ አልፎ ኔትዎርክ ይይዛል። አስር ሰዓት ተኩል ሲል ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው፣ ጠዋት የተላከ።

"አንጓች ብለሽ ጻፊ። ኢሜይሉን ስከፍትልሽ አንች ግቢ ልብስ ታጥቢ ነበር። የእናትሽ ስም ማን ነው ይላል ብዬ ብጣራ፣ እማን እያየሽ ይችው አይደለች እንዴ አልሽ። እማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም እንዳልሽው ጻፍኩት። ረቡዕም ትዝ ብሎኝ ነበር። ልነግርሽ አልወደድኩም።"

ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደጻፈችው አስቀምጣልኛለች።

እኔ ያልኩትን አላስታውስም። ልብስ ማጠቤን አስታውሳለሁ፣ ሳሙናውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ያንን ቃል ግን አላስታውሰውም። ረቡዕ እምቢ ያለኝ እንባ ሉማሜ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ያለ ነጠላ መጣ። ባለቤቷ ምን ሆንሽ አለችኝ። ለቅሶ አለብኝ አልኳት። አሁን አልዋሸሁም።

ስሟን ጻፍኩ። ተከፈተ።

ሊንኩን ነካሁት። አስራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። "አረጋግጣለሁ" የሚለውን ተጫንኩ። ክቡ ነገር ዞረ፣ ዞረ። ኔትዎርኩ ሄደ፣ መጣ። ከዚያ ገጹ ነጭ ሆነ። ተቀብለናል አላለም፣ አልተቀበልንምም አላለም። እንደገና ስከፍተው 11 ሰዓት ከሁለት ሆኖ ነበር፣ "ጊዜው አልፏል" አለኝ። የመጀመሪያው ማረጋገጫዬ ደርሶ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሰው ሰኞ ነው ቢሮ የሚገባው።

ለስመኝ ደወልኩ። አሁን አልዘጋሁትም።

"ገባልሽ?"

"ኢሜይሉ ገባልኝ። ዝውውሩን እንጃ።"

"እሽ። የእማ ዝክር ሐምሌ ነው። ስትመጪ ነጠላሽን አቅንተሽ ልበሽ፣ ሰፈሩን አታሸብሪ።"

ቅዳሜ ግንቦት 9፣ ደብረ ማርቆስ

ኢሜይሉ ጠዋት "የደኅንነት ጥያቄዎን ያድሱ" ብሎ ግድ አለኝ። ይለፉ የሚል የለውም። ጥያቄውንም መልሱንም እንደነበረ መልሼ ጻፍኩት። እናቴ ብትሰማ ትቀየመኛለች፣ አልነግራትም።

ከሰዓት ሶስናን ጸጉሯን እየሠራሁላት ነበር። በመስከረም አጸደ ሕፃናት ትገባለች፣ ስሟን ሲጠይቋት እንድትመልስ ላለማምዳት አልኩ። ስምሽ? ሶስና መላኩ። ጎበዝ። ሰፈርሽ? እሱንም አወቀች።

"የእናትሽ ስም ማን ነው?"

ጭንቅላቷን ከእጄ አውጥታ ዞራ አየችኝ። ልታስቸግረኝ አይደለም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

"የትኛዋ?"

መላኩ ከወዲያ ሰምቶ ቀና አለ። ልቆጣት አልቻልኩም። ለኔም ሁለት ነበሩኝ። ግንባሯን ወደ ፊት መልሼ ጉንጉኑን ቀጠልኩ፤ ሰኞ ቢሮው እንደተከፈተ ስለ ዝውውሬ እደውላለሁ።